አበባው ከተቀጠፈ በኋላ

በሰበካ ጉባኤያት የልማት ኮሚቴዎች ሥልጠና ላይ ስለ ግላዲዮለስ አበባ አተካከልና አያያዝ የተሰጠ ንግግር



ከጠዋቱ ጀምሮ ስለ ምንጭ ማጎልበት፣ ስለ ችግኝ ጣቢያና ስለ ጓሮ አትክልት ብዙ ቁም ነገር ሲነገር ቆይቷል። ከዚያ ሁሉ በኋላ ስለ አንድ አበባ ልንናገር መቆማችን ለአንዳንዶቻችሁ እንደ ቅንጦት ሊታያችሁ ይችላል። እኛን ያስነሣን ግን የአበባው ውበት ሳይሆን በየዓመቱ በግንቦት ወር ከየአጥቢያው የሚደርሰን ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው «ለጓሮ ልማት የሚሆን የግላዲዮለስ ዘር ይሰጠን» ይላል። አምና የወሰዱት ዘንድሮም ይጠይቃሉ፤ ዘንድሮ የሚወስዱትም ነገሩ ካልተለወጠ ለከርሞ መጠየቃቸው አይቀርም።

ዘሩ ተበልቶ የሚያልቅ እህል ቢሆን ጥያቄው ባላስደነቀን ነበር። ግላዲዮለስ ግን በተፈጥሮው ራሱን የሚተካና የሚያበዛ ተክል ነው። በአግባቡ የተያዘ አንድ ኮረት ወቅቱ ሲያበቃ ቢያንስ አንድ አዲስ ኮረት ይተካል፤ ከሥሩም ብዙ ደቃቅ ኮረቶች ይገኛሉ። እንግዲህ ይህ ሁሉ ዘር በየዓመቱ የት ይደርሳል? ዛሬ ልንመልሰው የምንሻው ጥያቄ ይህ ነው። መልሱን ቀድመን እንናገርና ወደ ዝርዝሩ እንመለሳለን፤ ዘሩ የሚጠፋው በአተከካል ጉድለት ብቻ አይደለም፤ ይልቁንም አበባው ተቀጥፎ ሁሉም ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ከገባ በኋላ፣ በጥቅምትና በኅዳር ነው።

ስለ ተክሉ ማንነት ጥቂት እንበል። ግላዲዮለስ የሚለው ስም ከላቲን ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን ፍችውም «ትንሽ ሰይፍ» ማለት ነው፤ ቅጠሉ ረጅም፣ ቀጥ ብሎ የቆመና ጫፉ የሾለ በመሆኑ ይህ ስም ተሰጥቶታል። ወገኑ ከ250 በላይ ዝርያዎች ሲኖሩት አብዛኞቹ የደቡባዊ አፍሪካ ተወላጆች ናቸው። ይሁን እንጂ ሀገራችንም ድርሻ አላት። በክረምቱ ማብቂያ በየተራራው ገደላገደልና በየሣር ሜዳው ብቅ የሚለው፣ ብርቱካንማ ወይም ቀይ ቀለም ያለው ግላዲዮለስ ዳሌኒ የእኛም ሜዳ አበባ ነው። ነጭ ሆኖ ጉሮሮው ጠቆር ያለ ሐምራዊ፣ መዓዛውም ደስ የሚያሰኝ ሌላ ዝርያ ደግሞ በአውሮፓ የአበባ ነጋዴዎች ዘንድ «የአቢሲኒያ ግላዲዮለስ» እየተባለ ይሸጣል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1841 በቤልጅየም ጌንት ከተማ ሉዊ ቫን ሁት የተባለ የአበባ ነጋዴ ለገበያ ያቀረበው ድቅል ለዛሬዎቹ የጓሮ ግላዲዮለሶች ትልቅ መሠረት ሲሆን፣ ከድቅሉ ወላጆች አንዱ ይኸው ዳሌኒ ነው። በካርቶን ታሽጎ ከባሕር ማዶ የሚመጣልን አበባ እንግዳ አይደለም፤ በአንድ ወገኑ የአፍሪካ ሜዳ ልጅ ነው።

«ለሆድ የማይሆን ነገር ለምን መሬት ይይዛል?» የሚሉ አባቶች አሉ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ጓሮው ለጎመንና ለድንች ብቻ የሚበቃ ቤተሰብ ጎመኑንና ድንቹን ይትከል፤ እኛ ይህን ንቀል፣ ያን ትከል አንልም። ነገር ግን ሒሳቡን እንይ። በተክልና በተክል መካከል 15 ሳንቲ ሜትር፣ በመስመርና በመስመር መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ቢተው በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 20 ያህል ኮረት ይተከላል። አንድ መቶ ኮረት የሚፈልገው አምስት ካሬ ሜትር ብቻ ነው፤ ይህም በአጥር ጥግ ወይም በመግቢያ መንገድ ዳር የሚገኝ ቦታ ነው። እያንዳንዱ ኮረት ቢያንስ አንድ የአበባ ዘንግ ስለሚሰጥ ከዚያች ጠባብ መደብ አንድ መቶ ዘንግ ይቆረጣል። በየበዓሉ ለፕላስቲክ አበባ የምናወጣውን ገንዘብ፣ ፕላስቲኩም በሁለተኛው ዓመት አቧራ ጠጥቶ ቀለሙ ሲለቅ የሚሰጠውን መልክ የምታውቁት ናችሁና ስለ እርሱ ብዙ አንናገርም።

አሁን ወደ አተካከሉ እንምጣ።

በቅድሚያ ስለ ወቅቱ አንድ ነገር መስተካከል አለበት። ከውጭ በሚመጣው ማሸጊያ ላይ «በበጋ የሚያብብ» ተብሎ ይጻፋል። ይህን አንብበው በጥር ወር ተክለው ውኃ ሲያመላልሱ የከረሙ አጥቢያዎች አጋጥመውናል። የአውሮፓ በጋ ማለት ሞቃቱና ተክል የሚያድግበት ወቅት ነው፤ በወር ቢቆጠር ከእኛ ክረምት ጋር ይገጥማል። መስኖ ያለው ሰው በማንኛውም ወር መትከል ይችላል። በእንስራ ውኃ ለምትቀዳ እናት ግን የግላዲዮለስ ወቅቱ ክረምት ነው፤ በሰኔ ዝናብ ይተከላል፣ ዝናቡ ሲያበቃ ያብባል።

ኮረቱ ከተተከለ በኋላ እንደ ዝርያውና እንደ አየሩ ሁኔታ ከ70 እስከ 100 ባሉት ቀናት ውስጥ ያብባል፤ ብርድ በሚበዛበት ደጋ ከዚህም ሊዘገይ ይችላል። ለመነሻ 90 ቀን ብንይዝ ከበዓሉ ወደ ኋላ መቁጠር ቀላል ነው። ጳጉሜን አምስት ቀን በምትሆንበት ዓመት ለመስከረም 1 እንዲደርስ የተፈለገው ሰኔ 6 ቀን ይተከላል። ለመስቀል፣ ለመስከረም 17፣ ሰኔ 22 ቀን ይተከላል። ዘመነ ጽጌ ለሚጀመርበት ለመስከረም 26 ደግሞ ሐምሌ 1 ቀን ይተከላል። ጽጌ እስከ ኅዳር 5 ድረስ 40 ቀን ስለሚቆይ አንድ ጊዜ ብቻ የተከለ ሰው በመካከሉ አበባ ያጣል። ስለዚህ ኮረቱን በሦስት ወይም በአራት ከፍሎ በየሁለት ሳምንቱ መትከል ይሻላል። ነሐሴ ከገባ በኋላ የተተከለው ግን ዝናቡ ጥሎት ስለሚሄድ በእጅ ውኃ የሚያጠጣው ሰው ያስፈልገዋል።

90 የሚለው ቁጥር የሁላችሁ አይደለም። የተተከለበትንና የመጀመሪያው አበባ የፈነዳበትን ቀን በሰበካ ጉባኤው መዝገብ ላይ ጻፉት። በሁለተኛው ዓመት የምትቆጥሩት የእኛን 90 ቀን ሳይሆን የራሳችሁን አጥቢያ ቁጥር ይሆናል።

ቦታው ሙሉ ፀሐይ የሚያገኝ ይሁን። ክረምቱ ራሱ ደመናማ ነውና በዚያ ላይ የዛፍ ጥላ ሲጨመር የአበባው እምቡጥ ሳይፈነዳ ደርቆ ይቀራል። በዚህ ምክንያት አብዛኛው የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ለዚህ አበባ አይመችም፤ ጽዱና ወይራው ያጠላበታል። ለአበባ ብሎ ከእነዚህ ዛፎች አንድ ቅርንጫፍ እንኳ እንዲነካ አንፈቅድም። ዛፎቹን ለማሳደግ የአያት የቅድመ አያት ዕድሜ ፈጅቷል፤ አበባው ግን በሦስት ወር ይደርሳል። አበባው በምእመናኑ ጓሮ ይተከል፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚመጣው ዘንጉ ነው።

መሬቱን በተመለከተ የግላዲዮለስ ዋና ጠላቱ የተኛ ውኃ ነው። ጥቁር መረሬ አፈር ባለበት አካባቢ ኮረቱን በደልዳላ መሬት ላይ ቀብሮ ሐምሌን ማሳለፍ ዘሩን ማበስበስ ነው። ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ መደብ ይሠራ፤ በግራና በቀኙም ውኃ የሚወርድበት ቦይ ይውጣለት። በሚገባ የተብላላ ኮምፖስት ከአፈሩ ጋር ይደባለቅ። ትኩስ ፍግ ግን ኮረቱን ስለሚያቃጥልና መበስበስን ስለሚጋብዝ አይጨመር።

የሚተከለው ኮረት ሲመረጥ ዐይን ወደ ስፋቱ ብቻ አይሂድ። ኮረቱ በመልኩ ሽንኩርት ይመስላል እንጂ ሽንኩርት አይደለም፤ ቢሰነጠቅ ውስጡ ድፍን ነው። ሰፊና ጠፍጣፋ የሆነው ብዙ ጊዜ ያረጀ ነው፤ ወፈር ብሎ ቁመት ያለው ወጣትና ብርቱ ነው። ዙሪያው በክር ሲለካ 10 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነው ጥሩ ዘንግ ያወጣል። ሽንኩርት መምሰሉ ደግሞ አደጋ አለው፤ የሚበላ አይደለምና ከማጀት እንዲርቅ፣ ሕፃናትም እንዳይነኩት ይሁን።

ጥልቀቱ በከባድ አፈር 10 ሳንቲ ሜትር፣ ማለት ግማሽ ስንዝር ያህል፣ በቀላል አሸዋማ አፈር 15 ሳንቲ ሜትር ነው። ቡቃያ የሚወጣበት ጫፍ ወደ ላይ ይሁን። ተክሉ ሦስትና አራት ቅጠል ባወጣ ጊዜ የአበባው ዘንግ ለዐይን ሳይታይ በውስጥ መፈጠር ይጀምራል። የዘንጉ ርዝመትና የአበቦቹ ብዛት የሚወሰነው በዚህ ጊዜ ነውና ዝናብ ለሳምንት ቢቋረጥ ውኃ ይጠጣ፤ ጥቂት ኮምፖስትም በዙሪያው ይጨመርለት። ቁመቱ አንድ ስንዝር ሲያልፍ ድንች እንደምናስታቅፍ አፈር ይታቀፍ፤ ዘንጉ ሲከብድ ነፋስ የሚጥለው አፈር ያልታቀፈውን ነው። ነፋስ በሚበረታበት ቦታ በመደቡ ዳርና ዳር ሸምበቆ ተክሎ ገመድ መሳብ ይበቃል።

እግረ መንገዳችንን በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ላሉ አጥቢያዎች የምንነግራቸው አለ። ግላዲዮለስ ፍሎራይድ ለሚባለው ንጥረ ነገር እጅግ ስሱ ነው፤ እንዲያውም የአየር ብክለት ተመራማሪዎች ፍሎራይድ መኖሩን ለማወቅ እንደ ምልክት ይተክሉታል። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ በብዙ ቦታ ፍሎራይድ የበዛበት መሆኑን የልጆቻችን ጥርስ ይመሰክራል። በዚህ ውኃ የጠጣ ግላዲዮለስ የቅጠሉ ጫፍ ተቃጥሎ ይገረጣል፤ ተቆርጦ በዚያው ውኃ ውስጥ የተቀመጠ ዘንግም እምቡጡ ሳይከፈት ይጠወልጋል። ይህን ያየ ሰው በሽታ ነው ብሎ መድኃኒት ሲፈልግ ይውላል። መፍትሔው ከጣራ የተጠራቀመ የዝናብ ውኃ ነው። የውኃው ጉዳይ ግን ከአበባው የሚበልጥ ነውና ቅጠሉ የተቃጠለበት አጥቢያ ስለሚጠጣው ውኃ ለወረዳው የውኃ ጽሕፈት ቤት ያስመርምር።

ስለ ተባይ በአጭሩ። በሽንኩርት አምራቾች ዘንድ የታወቀው የትሪፕስ ዘመድ የሆነ ጥቃቅን ተባይ የግላዲዮለስን ቅጠል እየመጠጠ ብርማ ነጠብጣብ ያወጣበታል፤ አበባውንም ያጠወልጋል። ተባዩ ከማሳ ወደ ማከማቻ ከኮረቱ ጋር አብሮ ገብቶ የሚከርም ስለሆነ ወደ ኋላ እንመለስበታለን። ኮረቱን ውስጥ ለውስጥ የሚያበሰብሰው ፉዛሪየም የተባለ ፈንገስ ደግሞ በአፈር ውስጥ ለዓመታት ስለሚቆይ በአንድ መደብ ላይ በተከታታይ አይተከል፤ ሦስት ወይም አራት ዓመት ቦታ ይቀያየር። ከምድር በታች ፍልፈል፣ በሌሊት ደግሞ ጃርት ኮረቱን ይፈልጉታል። ለጃርት ጥሩ አጥር እንጂ ሌላ ዘዴ የለንም።

አበባው የሚቆረጠው ሙሉ በሙሉ ከፈነዳ በኋላ አይደለም። ከታች ያሉት አንዱ ወይም ሁለቱ እምቡጦች ቀለማቸውን ሲያሳዩ በማለዳ ይቆረጥ፤ የቀሩት በውኃ ውስጥ ሆነው ከታች ወደ ላይ በየተራ ይፈነዳሉ። ዘንጉ ወዲያው ውኃ ውስጥ ቆሞ ይቀመጥ፤ በአግድም ተኝቶ ረጅም መንገድ የተጓዘ ዘንግ ጫፉ ወደ ሰማይ ስለሚታጠፍ ከዚያ በኋላ አይቃናም። በአህያ ጀርባ ተጭኖ ለገበያ የሚሄደው አበባ ዋጋ የሚያጣበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ በባልዲ አቁሞ መውሰድ የተሻለ ነው።

በሚቆረጥበት ጊዜ አራት ቅጠል በተክሉ ላይ ይቅር። ከዚህ የበለጠ ቢቀር የተሻለ ነው፤ ከዚህ ያነሰ ግን አይሁን። ዛሬ ካልናቸው ሁሉ ይህን አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ አይከፋንም።

ምክንያቱን እናስረዳ። በሰኔ የቀበርነው ኮረት አበባ ለማውጣት ያለውን ስንቅ ሁሉ ይጨርሳል፤ አበባው ሲቆረጥ እርሱ ተሟጥጦ ጨፍጋጋ ልጣጭ ወደ መሆን ደርሷል። በላዩ ላይ አዲስ ኮረት ይፈጠራል፤ በአሮጌውና በአዲሱ መካከልም ደቃቅ ኮረቶች እንደ ሽምብራ ፍሬ ተንጠልጥለው ይወጣሉ። አዲሱን ኮረት የሚሞላው ግን ማን ነው? ቅጠሉ ነው። ቅጠሉ አበባው ከተቀጠፈ በኋላ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ድረስ አረንጓዴ ሆኖ ከፀሐይ የሚያዘጋጀውን ምግብ ወደ ታች ያወርዳል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ቅጠሉ የተቆረጠበት ተክል የሚተወው ኮረት የጣት ጥፍር የምታህል ትሆናለች፤ በከርሞው ሰኔ ብትተከል ቅጠል ብቻ አውጥታ አበባ አትሰጥም። ባለቤቷም «ዘሩ መክኗል» ይላል፤ ደብዳቤም ይጽፍልናል።

አሁን ቀን እንቁጠር። ለመስቀል ያበበው ስምንት ሳምንቱን ሊፈጽም የሚቃረበው ኅዳር 12 ገደማ ነው። በጽጌ መባቻ፣ መስከረም 26 ያበበው ኅዳር 12 ሲደርስ 46 ቀን ብቻ ሆኖታል። በጥቅምት አጋማሽ ያበበው ደግሞ ወር እንኳ አልሞላውም። ኅዳር 12 ምን ቀን እንደ ሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። በ1911 ዓ.ም. በኅዳር በሽታ ሕዝባችን ካለቀ ወዲህ በየዓመቱ በዚያ ቀን ግቢው ይጠረጋል፣ ጥራጊው በእሳት ይጋያል፤ ኅዳር ይታጠናል። ልማዱ መልካም ልማድ ነው፤ ጽዳት ነውና እናበረታታዋለን። ነገር ግን በዚያን ዕለት የግላዲዮለሱ ቅጠል አበባ የሌለው፣ ጫፉ ቢጫ ማለት የጀመረ፣ ለዐይን የማይስብ ሆኖ ይገኛል። ማጭድ የያዘ ልጅ «ይህ ደርቋል» ብሎ አጭዶ ከጥራጊው ጋር ያቃጥለዋል። ከማጭድ የተረፈውን ደግሞ አዝመራ ተሰብስቦ ወደየግቢው የሚለቀቅ ከብት ይግጠዋል። ለከርሞ የሚሆነው ዘር በአብዛኛው የሚጠፋው በእነዚህ ሳምንታት ነው። በየአጥቢያው ስንዘዋወር ደጋግመን ያየነው ይህንኑ ነው።

ባንዲት የደጋ አጥቢያ ያሉ አንዲት እናት ከአራት ዓመት በፊት የተሰጧቸውን ጥቂት ኮረቶች ዛሬ ሦስት መደብ አድርሰዋቸዋል። ከዚያ ወዲህ ከእኛ ዘር ወስደው አያውቁም። የተለየ እውቀት ነበራቸው አንልም፤ የእርሳቸውም መሬት ከጎረቤቶቻቸው የተሻለ አይደለም። ምስጢሩን ስንጠይቃቸው በቅጠሉ ዙሪያ የሾህ አጥር እንዳጠሩለት ነገሩን። ኅዳር ሲታጠን የልጅ ልጃቸው ሊያጭደው ሲመጣ ከልክለውታል። «አበባውን ለቤተ ክርስቲያን ሰጥቻለሁ፤ ቅጠሉ ግን የኮረቷ ነው፤ የሰው ገንዘብ አይነካም» አሉን። ጎረቤቶቻቸው ግቢያቸው ተዝረክርኳል እያሉ ያሟቸው እንደ ነበር ሲነግሩን እየሳቁ ነበር። አሁን እነዚያው ጎረቤቶች ዘር የሚወስዱት ከእርሳቸው ነው።

ቅጠሉ ከግማሽ በላይ ቢጫ ሲሆን ኮረቱ ለመነቀል ደርሷል። ዝናብ በሌለበት ቀን በመቆፈሪያ ከሥሩ አነሣስቶ ማውጣት ይገባል፤ ቅጠሉን ይዞ መጎተት ደቃቆቹን ኮረቶች ምድር ውስጥ ያስቀራቸዋል። ከወጣ በኋላ ግንዱ ከኮረቱ ጥግ ይቆረጥና ኮረቱ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት ይድረቅ። በደንብ ሲደርቅ ከሥር የተጣበቀው አሮጌው ኮረት በእጅ ጠምዘዝ ሲደረግ ይላቀቃል፤ እርሱ ይጣላል። የአዲሱ ኮረት ቡናማ ልባስ ግን አይላጥ፤ እርጥበቱን የሚጠብቅለት እርሱ ነው። የለሰለሰ፣ የጠቆረ ወይም የሻገተ ኮረት ከተገኘ ከሌላው ጋር አይቀመጥ፤ ወደ ኮምፖስት ጉድጓድም አይጣል፤ ይቃጠል።

አንዳንዶች «እኛ ዘንድ እንደ አውሮፓ በረዶ የለም፤ ለምን እንነቅለዋለን? መሬት ውስጥ ይቆይ» ይላሉ። አሸዋማና ውኃ የማይተኛበት መሬት ላይ ይህ ይሠራል። በመረሬ አፈር ግን በምድር የቀረው በቀጣዩ ክረምት ይበሰብሳል፤ የተረፈውም እየተጨናነቀ ይደቅቃል፤ ፍልፈልም በበጋው ሌላ የሚበላ ሲያጣ ወደ እርሱ ይመጣል። ስለዚህ መንቀሉን እንመርጣለን።

ለማከማቻ የሽንኩርት መረብ ከረጢት እጅግ ይመቻል፤ ከጣራ ሥር፣ ከጭስ ራቅ ብሎ፣ ቀዝቀዝ ባለ ደረቅ ቦታ ይሰቀል። በፕላስቲክ ከረጢት ታስሮ የተቀመጠ ኮረት ራሱ ባወጣው እርጥበት ይሻግታል። ቀደም ሲል ያነሣነው የትሪፕስ ተባይ ያለበት አጥቢያ ኮረቱን ከማከማቸቱ በፊት 46 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ውኃ ውስጥ ለ20 ደቂቃ ነክሮ መልሶ ቢያደርቀው ተባዩ ይሞታል። ነገር ግን ይህ ያለ ሙቀት መለኪያ አይሞከር፤ ውኃው ጥቂት ቢበልጥ የሚቀቀለው ኮረቱ ነው። መለኪያ የሌለው በየወሩ ከረጢቱን አውርዶ ይመርምር፤ የተበላሸውንም ይለይ።

ደቃቆቹን ኮረቶች በተመለከተ ብዙዎች ጠርገው ይጥሏቸዋል። አንድ ጤናማ ተክል በአሥር የሚቆጠሩትን ይሰጣል። ልባሳቸው ጠንካራ ስለሆነ ከመተከላቸው በፊት ለአንድ ሌሊት በውኃ ይነከሩ፤ ከሦስት እስከ አምስት ሳንቲ ሜትር ባለ ጥልቀት እንደ ነጭ ሽንኩርት ጠጋ ጠጋ ብለው በመስመር ይተከሉ። በመጀመሪያው ዓመት ሣር የሚመስል ቅጠል ብቻ ያወጣሉ፤ በብዛት የሚያብቡት በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ነው። ትዕግሥት ይጠይቃል። የአንድ አጥቢያ ዘር ከውጭ እርዳታ የሚላቀቀው ግን በእነዚህ ነው። ቀለማቸውም እንደ እናታቸው ነው፤ ከአበባው ፍሬ የሚበቅለው ግን የተለየ ስለሚሆን በፍሬ መልፋት ለእኛ ዐይነቱ ሥራ አይጠቅምም።

ከዚህ ተነሥተን ለኮሚቴዎቹ ያለን ሐሳብ ቀላል ነው። ከእንግዲህ ኮረት የሚወስድ ቤተሰብ ስሙና የወሰደው ብዛት በመዝገብ ይጻፍ፤ በሁለተኛው ዓመት ታኅሣሥ የወሰደውን ያህል ደኅና ኮረት ለኮሚቴው ይመልስ፤ ኮሚቴውም ለሌላ ቤተሰብ ያስተላልፍ። የተረፈው የቤተሰቡ ነው፤ ይትከለው ወይም ይሽጠው። በመጀመሪያው ዓመት እንዲመልስ ማስገደድ ተገቢ አይመስለንም፤ ለመላው አጥቢያ አንድ መጥፎ ክረምት ይበቃልና። መዝገቡን የሚይዘውም የኮሚቴው ጸሐፊ ብቻ ባይሆን እንመርጣለን። በጓሮው ሥራ የሚውሉት እናቶች ናቸውና ከእነርሱ አንዷ ትያዘው።

ለጊዜው በዚህ እናበቃለን። በመጪው ዓመት ወደየአጥቢያችሁ የምንመጣው እንደ ልማዱ ለመስቀል አይደለም። በመስቀል አበባ የሌለው ጓሮ አይኖርምና ከዚያ ምንም አንማርም። የምንመጣው በኅዳር 13 እና ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ነው፤ ያን ጊዜ አበባ አንጠይቃችሁም። ቅጠሉን አሳዩን።